ውሃው መኪናው ውስጥ ነው

በረሃው አንድም ነገር አልበደለንም። ይሞቃል ተብሎ ነበር፣ ሞቀ። ጥላ የለም ተብሎ ነበር፣ አልነበረም። ስልክ አይሠራም ተብሎ ነበር፣ አልሠራም። ከሁላችንም ቃሉን የጠበቀ እሱ ብቻ ነው። የእኔ እሮሮ ከሰው ጋር ነው፤ ያውም ከወዳጅ ጋር። ከላስ ቬጋስ በስኩተር ተነስቶ ዴዝ ቫሊ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ በእግሩ ትንሽ ተንከራትቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳይኮራረፍ የተመለሰ ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ዘዴውን ይንገረኝ።

የሰዓቱን ጣጣ መቼም የማያውቀው የለም። ለጉዞው ተብሎ በተከፈተው ግሩፕ ላይ «በ11 ሰዓት ማደያው ጋ» ተብሎ ይጻፋል። ወዲያው አንዱ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ይላል። በሐበሻ ነዋ፣ ጎህ ሳይቀድ፤ በረሃ በጠዋት ካልተያዘ ምኑ ይያዛል። «እሺ፣ በሐበሻ» ተብሎ ይታሰራል። ነገር ግን አንዳንዱ ሰው «በሐበሻ» ሲባል የሚሰማው የሰዓት አቆጣጠሩን ሳይሆን ለማርፈድ የተሰጠውን ፈቃድ ነው። 11 የተባለው 12 ተኩል ይሆናል፤ 12 ተኩል ላይ ሲደወል «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» ይባላል። ደርሻለሁ ከሚለው ድምፅ ጀርባ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

ከመካከላችን ሌሊቱን ካሲኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል የሚያነጋ ዲለር አለ። እሱን አልማውም። ከሥራ ወጥቶ፣ ያን ጥቁር ሱሪውን እንኳ ሳይቀይር፣ በሰዓቱ ማደያው በር ላይ ቆሞ የተገኘ እሱ ነው። የሚያረፍደው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ያደረው ነው።

ሁላችንንም ያስነሳችው ነርሷ ናት፤ እሷ ባትደውል ኖሮ ይኼኔም ማደያው ላይ ነን። ግን እሷም የራሷ ጣጣ አላት። ዴዝ ቫሊ ሰው ሆኖ የሚኬድበት ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ከዚያ ውጭ እሳት ነው። ቀኑ ረዝሞ፣ ብርዱ ጠፍቶ፣ ለሞተር የሚመቸው የዚህ ወቅት ማብቂያ ደግሞ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። እሷ እስከ 9 ሰዓት ምንም በአፏ አታደርግም። ምንም ማለት ውሃም ጭምር። ሹሩባዋን አዲስ ስለተሠራች ደግሞ ሄልሜቱ አይገባላትም። ሄልሜት በኔቫዳም በካሊፎርኒያም ግዴታ ነው፤ ሹሩባ ነው ብሎ የሚያልፍ ፖሊስ የለም። ማደያው ላይ ሄልሜት ሲለካ፣ ሲወልቅ፣ ስፖንጁ ሲነቀል፣ «አመመኝ» ሲባል፣ ፀሐይዋ ወጥታ አንድ ክንድ ሄደች።

ማሽኖቹ ደግሞ አሉ። ጋሼ ባለ 300 ቬስፓ ናቸው። ጋሼ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሁላችንም በፊት መንገድ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ታዲያ በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቬስፓ ይነዳ ስለነበረ አንድ ጎረቤታቸው የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። ታሪኩ ሞተር ቆሞ፣ ሄልሜት ወልቆ ነው የሚወራው። ሌላውን ሰው «በል ፍጠን» ማለት ይቻላል፤ ጋሼን ማን ደፍሮ። እኔ ባለ 150 ነኝ። ዲለሩ 125 ይዞ ነርሷን ከኋላ ጭኗል። 125 ለከተማ ጠላት የላትም፤ ሱፐርማርኬት ደርሳ ትመለሳለች። ከቬጋስ ወደ ፓራምፕ የሚወስደው 160 ቁጥር መንገድ ግን ማውንቴን ስፕሪንግስ ላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ትንሽ ሞተር ትታፈናለች። ሁለት ሰው ተሸክማ ስታቃስት፣ ስፖኪዮው ውስጥ የከባድ መኪና ግንባር ብቻ ይታያል። ነጂው ክላክስ ሲያደርግ የኔም ልብ አብሮ ይዘላል።

ጋሼ ቁልቁለቱን ሲያገኙ ይፈተለካሉ። ዲለሩ ወደ ኋላ ይቀራል። መሀል ላይ ያለሁት እኔ ማንን ልከተል? ከፊት ያለው «የት ቀራችሁ» ብሎ ይቆጣል፤ ከኋላ ያለው «ጥላችሁን ልትሄዱ ነው» ብሎ ያኮርፋል። በቡድን ሲኬድ ፍጥነቱ የደካማው ስኩተር ፍጥነት ነው፤ ይህን ከመነሳታችን በፊት ተናግሬያለሁ፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቋል። ራስ መነቅነቅ ቤንዚን አይፈጅም። መንገዱ ላይ ግን ጋሼ ከአድማስ ጋር ተቀላቅለው አንዲት ነጥብ ሆነዋል።

ፓራምፕ ላይ ታንክ መሙላት ነበረብን። ከዚያ በኋላ በሄድንበት መንገድ ፓርኩ ውስጥ እስኪገባ ማደያ የለም፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደግሞ ዋጋው ሰው ያስደነግጣል። «እኔ ቬጋስ ሞልቻለሁ፣ ግማሽ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። «ሰልባትዮው ግማሽ ከሆነ ባዶ ነው በለው» አሉት ጋሼ፤ አልሰማም። ኋላ ፈርነስ ክሪክ ላይ በእጥፍ ሊቀዳ ነው፤ ሲቀዳም የሚያማርረው ለእኔ ነው።

ፓራምፕን አልፎ ዴዝ ቫሊ ጀንክሽን የምትባል፣ ከመንደር ያነሰች መገናኛ አለች። እዚያ በረሃ መሀል ላይ አማርጎሳ ኦፔራ ሃውስ የተባለ ነጭ ቤት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርታ ቤኬት የተባለች የኒውዮርክ ዳንሰኛ ከባሏ ጋር ስታልፍ ጎማዋ ተንፍሶ እዚያ ቆመች፤ ጎማው እስኪጠገን ዞር ዞር ስትል የተተወ አዳራሽ አየች፣ ተከራየችው፣ ዕድሜዋን እዚያው ጨረሰች። ተመልካች በሌለበት ምሽት ብቻዋን እንዳትሆን ግድግዳው ላይ ተመልካች ሣለችበት፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መነኩሴ፣ መኳንንት። እኔ ያን ጉዞ የፈለግሁት ግማሹን ለዚህ ቤት ብዬ ነው። ስንደርስ ግን ሰዓቱ ሄዷል፤ ከዲሲ የመጣው እንግዳችን ደግሞ የታሪክ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠይቀው «ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ይኖራል?» ነው። በመስኮት አየት አድርጌ ተነሳን። ጎማ እንኳ ቢተነፍስልን ምን አለበት ብዬ ተመኘሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው እሮሮዬ ልምጣ፤ መኪናው።

አንዱ ወዳጃችን ከሁላችንም ቀድሞ ስኩተር ሊገዛ ዋጋ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው የሞተር መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ትዝ አለው። በመኪና መንጃ ፈቃድ ሞተር አይነዳም። «ችግር የለም፣ እኔ በመኪና እከተላችኋለሁ» አለ። አቤት ደስታችን! ሻንጣ ወደ መኪናው፣ ጃኬት ወደ መኪናው፣ ምግብ ወደ መኪናው፣ በረዶ የተሞላው ሳጥን ወደ መኪናው፣ ካርቶን ካርቶኑ ውሃ ወደ መኪናው። «ከኋላችን መኪና ካለማ» እየተባለ ስኩተሮቹ ባዷቸውን ቀሩ። እኔ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ከመቀመጫዬ ሥር አስቀመጥኩ፤ ሳቁብኝ። መቀመጫው ሥር ያለው ቦታ ግን ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሲከፈት ጠርሙሱ ቅጠል ብቻ የቀረው ሻይ ሆኗል።

እከተላለሁ ያለ መኪና ደግሞ አይከተልም። ኤርኮንዲሽን ከፍቶ፣ ሙዚቃ ለቆ፣ እንግዳውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ አንዴ ያልፈናል፣ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ መንገድ ዳር ቆሞ ቪዲዮ ያነሳናል። ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነው ሙቀቱ?» ይላል። እንዴት ነው ሙቀቱ! በሞተር ላይ ያለ ሰው ነፋስ ስላለው ይቀዘቅዘዋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አየሩ ከቆዳችን ሲሞቅ ነፋሱ የሚያመጣው ሙቀት ነው፤ በሮጥክ ቁጥር ይብስብሃል። ላቡም ገና ብቅ ሲል ይደርቃል፤ ያላበህ አይመስልህም፣ ሰውነትህ ግን ውሃውን ጨርሷል። ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2024 ስድስት ሞተረኞች በዚሁ ሸለቆ ሲያልፉ አንዱ ባድዋተር አካባቢ በሙቀት ሞቷል። ቀኑ 53 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ሄሊኮፕተር ሊያነሳቸው አልቻለም፤ ከ49 ዲግሪ አካባቢ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሩን አይሸከመውም። ይህን በግሩፑ ላይ ጽፌው ነበር። መልሱ ሁለት የጸሎት እጅና አንድ «ነፍስ ይማር» ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ስፒከር የሚያመጣው ማነው?» ተባለ።

ፈርነስ ክሪክ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። የጎብኚዎች ማዕከሉ ፊት ለፊት ትልቅ የሙቀት መለኪያ ሰሌዳ አለ፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ከቁጥሩ ጋር ፎቶ ይነሳል። እኛም ተሰለፍን። ጥላ ፍለጋ የመጣ ሰው ፀሐይ ላይ ወረፋ ሲይዝ አስቡት። ቁጥሩ ከመቶ ፋራናይት ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር፤ እንግዳው ቅር አለው፤ «ይኼ ብቻ ነው?» አለ። እዚሁ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1913 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቷል፤ እስከ ዛሬ በምድር ላይ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ የተያዘው እሱ ነው። ለፎቶ አልደረሰለትም።

መግቢያውን መክፈል ደግሞ አለ። ለአንድ መኪና፣ ስንት ሰው ቢጫንበትም፣ 30 ዶላር ነው። ለአንድ ሞተር 25። ሦስት ስኩተር 75፣ ከመኪናው ጋር 105። ስድስታችን አንድ መኪና ውስጥ ታጭቀን ብንመጣ 30 ነበር። ጥሬ ገንዘብም አይቀበሉም፤ ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ያወጡት የታጠፈ ዶላር ወደ ኪሳቸው ተመለሰ፣ ካርድ የተሳበው የኔ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ጎልደን ካንየን የገባነው ፓርኩ ራሱ አትግቡ በሚለው ሰዓት ነው። በበጋ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በእግር አትሂዱ ይላሉ፤ ገና በጋ አልገባም ብለን ተጽናናን። ድሮ በዚያ ገደል ውስጥ አስፋልት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወረደ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው፣ ቁርጥራጩ አሁንም ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ውሃ የሌለበት አገር ውሃ ሲመጣበት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ደግሞ የሂላሪ ማዕበል በአንድ ቀን የዓመቱን ዝናብ አውርዶባቸው ፓርኩ ሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር።

ከስኩተር ወርዶ በእግር መሄድ ሲጀመር ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ሄልሜቱን ምን እናድርገው? መቀመጫው ሥር አንድ ብቻ ነው የሚገባው። የሁለት ሰው ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንት የት ይቀመጥ? መኪናው ውስጥ። መኪናው የት ነው? ማቆሚያው ሞልቶበት ቦታ ሊፈልግ ሄዷል። ስለዚህ ዲለሩ ሄልሜቱን በክርኑ አንጠልጥሎ፣ እኔ ጃኬቴን ወገቤ ላይ አስሬ ገደል ገባን። ግድግዳው ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ከሁለቱም ወገን ሙቀቱን ይመልስብሃል። እንግዳው ነጭ ስኒከር አድርጎ በየድንጋዩ ላይ በጫፍ ጫፍ ይራመዳል፤ አቧራ እንዳይነካው። ከቦርሳው ድሮን አወጣ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድሮን ክልክል መሆኑን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ መንገዱን ግማሽ ያስኬድ ነበር።

ነርሷ ዝም ብላለች። ዝምታዋ አላማረኝም። ፊቷ ደርቋል፤ ከንፈሯን ትልሳለች። «ጠጪ» አልናት። «9 ሰዓት አልሞላም።» ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ «ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ፣ እግዜር ያውቃል» አሉ። ዲለሩ ጾም ማለት የልብ ነው ብሎ ጀመረ። እሷ «አንተ ቅቤ ስትበላ አላየሁህም እንዴ፣ ስለ ጾም አታስተምረኝ» አለችው። እሱም መልስ ነበረው። በዚያ ንዳድ መሀል፣ አንዲት ትንፋሽ የማትባክንበት ቦታ ላይ፣ ስለ ውሃና ስለ ጾም የተካሄደው ክርክር ከፀሐዩ ይልቅ አደረቀን። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ያን የኔን ትኩስ ውሃ ሁለት ጉንጭ ወሰደች። «ምነው ይኼ ፈልቷል?» አለች። ማመስገን የለም።

ከዚያ ወደ ባድዋተር። ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር፣ የሰሜን አሜሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከበላይ ያለው ገደል ላይ «የባሕር ወለል» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ሰቅለዋል፤ አንገትህን ቀና አድርገህ ነው የምታያት። ፊት ለፊት ነጭ ጨው እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። ሐበሻ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ይኼ ምኑ ይገርማል፤ ዳሎልን ብታየው!» እውነት ነው፣ የእኛው ደናክል ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ዳሎልም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው ልክ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፣ ሰው ከኖረበት ቦታ ሁሉ ከፍተኛው። ነገር ግን እንዲህ ከሚሉት ውስጥ ዳሎልን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። አፋር አገር በሰሜኑም በደቡቡም በየት በኩል እንደሚገባ የማያውቅ ሰው የአሜሪካን ጨው በዳሎል ያንቋሽሻል። ጨው ቆርጦ በግመል የሚጭነው አፋር ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ጨው ላይ ሄድን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን፣ ውሃ ጠማን። ውሃው መኪናው ውስጥ ነው። መኪናው የለም። ስልክ አወጣን፤ ከፈርነስ ክሪክ ወጣ ሲባል ኔትወርክ አይገኝም። አምስት ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ስልኩን እያዟዟረ፣ ጨው ላይ ሲንቀዋለል የሚያይ ሰው ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት ይመስለዋል። (እንግዳው ከካንየኑ ወዲህ መኪናውን ትቶ በእኔ ስኩተር ነው የመጣው፤ «የእናንተን ስሜት ልየው» ብሎ። አየው።) በመጨረሻ ያዳነን አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ነው። ከካምፐሩ አንድ ጋሎን አውርዶ ሰጠን፣ ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑ ግን ስኩተሮቹንም ነጩንም ስኒከር አይቷል።

ባለ መኪናው የት ነበር? ወደ እኛ ሲመጣ አርቲስትስ ድራይቭ የሚል ምልክት አየ፤ ድንጋዩ አረንጓዴና ሮዝ የሚሆንበት ቦታ ነው፣ ያምራል። ገባ። ያ መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ነው፤ ከገባህ መዞር የለም፣ የሚያወጣህም ወደ ሰሜን፣ ወደ መጣህበት ነው። ሲወጣ «ይኼኔ ተመልሰዋል» ብሎ ፈርነስ ክሪክ ሄደ። ዛፍ ሥር አገኘነው፤ መቀመጫውን አጋድሞ፣ በረዶ ውሃ እየጠጣ። «የት ጠፋችሁ?» አለን።

ቡና መፈላቱን ላሳጥረው። ጀበና መጥቷል፣ ነፋሱ ቡታጋዙን ያጠፋል፣ ሰው ሁሉ ክብ ሆኖ በጀርባው ይከልላል፣ ጋሼ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም። 9 ሰዓት ሞልቶ የተፈታው በያይነቱ ግን ሊነገር ይገባዋል። እንጀራው ከተከፈተ ጀምሮ ዳር ዳሩ መጠቅለል ጀመረ። ሽሮው እስኪሞቅ እንጀራ መሆኑ ቀርቶ ድርቆሽ ሆኗል፤ ሲቆረስ ቀጭ ይላል። ነርሷ «እኔ ፍርፍር ነው ያመጣሁት በሉ» አለች። የተናገረችው ምርጥ ነገር እሱ ነው።

ስንመለስ ጨለመብን፤ በረሃ ማታ ይበርዳል፤ ጃኬቱ የት እንደነበረ አልናገርም።

አሁን የቀረው ሒሳብ ነው። ማደያ ላይ «ተው እኔ ልክፈል፣ አምላክን!» ሲባባል የነበረ ሰው ሁሉ፣ ግሩፑ ላይ የመግቢያውን 105 ዶላር ስጽፍ ጸጥ አለ። ባለ መኪናው የበረዶና የቤንዚን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ፤ ውሃውን ተሸክሞ ስለዋለ ከመግቢያው ነፃ እንደሆነም ጻፈ። የተሸከመውን ማን ጠጣው? ጋሼ ስልክ ላይ ገንዘብ መላክ አይችሉም፤ በአካል እሰጥሃለሁ ብለዋል፤ በአካል ስንገናኝ ደግሞ ስለ ጎረቤታቸው ቬስፓ ነው የምናወራው። ለዲለሩ የነርሷን ድርሻ ከራሱ ጋር ደምሬ ልኬለት ነበር፤ እሷ ቀድማ መለሰች። ክፍያው በሞተር ነው እንጂ በሰው አይደለም፣ እኔ ከኋላ የተጫንኩ ዕቃ ነኝ፣ ዕቃ አይከፍልም አለች። ፓርኩ የለጠፈውን ደንብ ገልብጣ ላከችልኝ። አነበብኩት፤ ልክ ናት። እንግዳው ከዲሲ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፏል፤ ነጩን ስኒከር የሚያጸዳ ሳሙና የምታውቁ አላችሁ ወይ ይላል።